ቡቺን ሐይቅ ይዘነው እንሂድ ወይስ ቤት ይቅር?

ጥያቄው ለእኔ፣ ለእንስሳት ሐኪሙ፣ ከደሴ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? በጳጉሜ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ሄደን አንድ ሌሊት ለማደር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን፣ እናቴና የባለቤቴ እህት ነን። የምንሄደው በራሳችን ኖህ መኪና ነው። ቡቺ የሚባል የሁለት ዓመት ውሻ አለን። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። ልጆቹ ያለ ቡቺ አንሄድም ብለዋል። እሱ ግን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ መኪናም ገብቶ አያውቅም። በቡችላነቱ አንዴ የተከተበ ይመስለኛል፣ ካርድ የለውም። የባለቤቴ እህት ሙስሊም ናት፣ ውሻ ሲነካት አይመቻትም። እናቴ ደግሞ ቢልሃርዝያ ይይዘዋል ብላ ሰግታለች። ለመሆኑ መዋኘት ይችላል? ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ምን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ሦስት ሳምንት ለብዙ ነገር ይበቃል። የአባቱን ነገር ግን እንተወው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የደሴና የኮምቦልቻ ውሾች ውስጥ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ያልሆነ ስንት እንደሆነ ብትጠይቂኝ ለመቁጠር አንድ እጅ ይበቃኛል።

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሚበዛው ስለ ውሃው ነው። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን መሃል ላይ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር ናት፤ «ከግቢ ወጥቶ አያውቅም» ያልሻት።

የቡቺን ዓለም እስቲ አስቢው። አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ግቢ፣ የሚያውቃቸው አምስት ስድስት ሰዎች። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሥራው ከበሩ ውጭ ባለው ነገር ሁሉ ላይ መጮህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮህ «ጎበዝ!» እየተባለ ነው ያደገው። አሁን ይሄንን ውሻ አውጥታችሁ በበጎች፣ በእረኞች፣ በጀልባ ቀዛፊዎችና በዓሣ ሻጮች መሃል ልታቆሙት ነው። ሽርሽር መሆኑን ማን ይነግረዋል? በእሱ ቤት ዓለም ሁሉ በሩን ጥሶ ገብቷል።

ውሻ ሰው ነከሰ ተብሎ ስጠራ የባለቤቱ የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ቤት ውስጥ እኮ በግ ነው!» አዎ፣ ቤት ውስጥ።

ስለዚህ የቡቺ ጉዞ የሚጀምረው ዛሬ ነው። የአንገት ማሰሪያ ግዙለት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ያለ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ግቢ ውስጥ በገመድ ይዛችሁት ዙሩ። ሲጎትት እናንተም አትጎትቱ፤ ቁሙ። ገመዱ ሲላላ ብቻ ተራመዱ። መጀመሪያ አሰልቺ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ግን ይገባዋል። ከዚያ ጠዋት ሰው ሳይበዛ በሩን ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ውጭ። የደሴን ነሐሴ ታውቂዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም፤ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ወዳለበት መንገድ፣ በሦስተኛው አንድ እሁድ ጠዋት ፒያሳ ዳር ዳር።

ቁራጭ ሥጋ በኪስሽ ይኑር። ለሽልማት ብቻ አይደለም፤ ቴርሞሜትርሽ ነው። ቡቺ የሚወደውን ሥጋ አሽትቶ ፊቱን ካዞረ ፈርቷል ማለት ነው። ሳይርበው አፉን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ከከተተ ያው ነው። ያን ጊዜ «ይልመደው» ብሎ መግፋት የለም። ሥጋውን እስኪበላ ድረስ ወደ ኋላ ራቁ፣ በማግስቱ እዚያው ቦታ ድገሙት።

የአፍ መያዣ ማድረግ ካሰባችሁ ውስጡ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚችልበት ይሁን። በገመድ ወይም በጨርቅ አፉን ጥርቅም አድርጎ ማሰር ግን አይሞከርም። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። አፉን ዘግተሽ ፀሐይ ላይ ካቆምሽው እየገደልሽው ነው።

ክትባቱን ለነገ አትበይው። «የተከተበ ይመስለኛል» እኛ ዘንድ አልተከተበም ማለት ነው። የውሻ እብደት በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ ውሻንም ሰውንም የሚያድን ሕክምና የለውም። ክትባቱ ደግሞ በተወጋ ማግስት አይሠራም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ውሻ መከላከያው እስኪገነባ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬ ወይም ነገ ካስከተባችሁት ለጳጉሜ ለጥቂት ይደርሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ካላችሁ አይደርስም፤ ያኔ እኔም አትውሰዱት ነው የምለው። ሐይቅ ዳር ባለቤት የሌላቸው ውሾች አይጠፉም፣ የዓሣ ትርፍራፊ ባለበት ሁሉ አሉ። ካርዱን ተቀበሉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። በየዓመቱ ይደገማል።

እዚያው ክሊኒክ ሳላችሁ የሆድ ትል መድኃኒትም ይሰጠው። ይሄ ስለ ሐይቅ ብቻ አይደለም፣ ስለ በዓልም ነው። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ፊኛ የመሰለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? «ይሄስ አይበላም» ተብሎ ለውሻ የሚወረወረው። እሱ የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጁ ውሻውን ሲዳብስ ቆይቶ በዚያው እጁ ዳቦ ይበላል። ያው ፊኛ ከዓመታት በኋላ የሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል፣ ሕክምናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ለቡቺ ከተሰጠ ደህና ተደርጎ ተቀቅሎ ነው። ውሃ የቋጠረው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ልጆቹም ቡቺን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በተለይ የ6 ዓመቱ፣ እጁ ከአፉ የማይርቅበት ዕድሜ ነው።

የመኪናው ነገር ቀላል ነው፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ሞተር ሳይነሳ ገብቶ ሥጋውን ይብላና ይውረድ። በማግስቱ ሞተር ተነስቶ። ከዚያ በሰፈር አንድ ዙር። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ውረዱና ተመለሱ። የሐረጎን ጥምዝምዝ የቻለ ውሻ የሐይቅ መንገድ አያቅተውም፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለሃጩ መዝረብረብ ከጀመረ ሊያስመልሰው ነው፤ ቁሙና ንፋስ ይቀበል። በጉዞው ቀን ከመነሳታችሁ አራት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ምግብ ይቁም፣ ውሃ ግን አይከልከል። ለሰው የሚሰጠውን የማቅለሽለሽ ኪኒን በግምት ቆርሶ መስጠት አይሆንም።

መቀመጫውን እኔ ላከፋፍል። የባለቤትሽ እህት ጋቢና። ቡቺ ከኋላ መጨረሻ፣ ከሥሩ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተነጥፎለት፣ ገመዱ ታስሮ። የሴትየዋ ቦርሳ፣ ልብስና መስገጃ ከፊት ከእሳቸው ጋር ይሁን፣ ኋላ ከሻንጣ ጋር አይደባለቅ። የእሳቸው ችግር በዋናነት ምራቁ ነው። ልብስ ከነካ ለሰላት ያን ልብስ አጥቦ ማጥራት ሊኖርባቸው ነው፣ መንገድ ላይ ደግሞ የት ይታጠባል? ቡቺ ስትደርሱ እሳቸው ከወረዱ በኋላ ይውረድ። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አልነበረብኝም፤ ግን ውሻ ሲደሰት ማንንም አይጠይቅም፣ ዘሎ ነው የሚልሰው።

አንድ ነገር በደማቁ ልናገር። ምሳ ስትበሉ ቡቺን መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ አትግቡ። ውጭ 21 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ማለትም ለእኛ ደስ በሚል አየር፣ የተዘጋ መኪና በ30 ደቂቃ ውስጥ 40 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮቱን ስንጥቅ አድርጎ መተው ብዙም ለውጥ የለውም። ቡቺ የደሴ ልጅ ነው፣ ብርድ ነው የለመደው። ምላሱ ደም መስሎ ከተጎለጎለ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱት፣ በካርቶን አራግቡለት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

አሁን ወደ ውሃው።

የምትሄዱበት ሎጎ ሐይቅ ከዳር ሆነው ሲያዩት የዋህ ነው። መሃሉ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ውሃው ይገባል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የላይኛው የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ሳይቀር ወርዶ እዚሁ ነው የሚገባው። በክረምት ማብቂያ ደግሞ ጎርፉ ከየእርሻው አፈሩንም ፍጉንም ጠርጎ ያመጣል። ዳሩ ደፍርሶ ቢጠብቃችሁ አይግረማችሁ።

መዋኘት ይችላል ወይ? አብዛኛው ውሻ ውሃ ውስጥ ሲገባ እግሩን ማንቀሳቀስ ያውቅበታል። ያ ግን መዋኘት ሳይሆን አለመስጠም ነው፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ጀርባው ከውሃው እኩል ሆኖ ከሄደ ጥሩ ነው። ኋላው ሰምጦ በፊት እግሮቹ ውሃውን መደብደብ ከጀመረ ደንግጧል፣ አውጡት። ረጅም ገመድ ይኑረው፣ ከአንገቱ ሳይሆን ደረቱን ዞሮ ከሚታሰር ማሰሪያ ጋር። እሱ ካልተገኘ ውሃው ከደረቱ አይለፍ። በራሱ ፈቃድ ይግባ። ዳር ላይ ያሉ ጎረምሶች «እኛ እናስተምረው» ብለው አንስተው እንዳይወረውሩት! አንዴ የተወረወረ ውሻ ሁለተኛ ውሃ አጠገብ አይደርስም፣ የወረወረውንም አይረሳም። ጀልባ ላይ ደግሞ ቡቺን አታውጡት። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ይዘላል፣ እሱን ለመያዝ ልጁ ይዘላል።

የእናትሽን ስጋት ልመልስ። እማማ የሰጉት ትክክለኛውን ነገር ነው፤ የሰጉት ግን ለተሳሳተው ልጅ ነው። ቢልሃርዝያ በአካባቢያችን የታወቀ በሽታ ነው፣ የኮምቦልቻና የከሚሴ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ዋነኛ ተጠቂው ግን ሰው ነው፣ ከሰውም ልጆች። ተሸካሚው ሣርና ቄጠማ ባለበት የውሃ ዳር የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ከእሱ የሚወጣው እጭ ቆዳ ሰንጥቆ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል፣ በብዛት የሚወጣውም ፀሐዩ በጠነከረበት፣ ከረፋድ እስከ ከሰዓት ነው። ሐይቁ ይሄ አለበት ወይም የለበትም ብዬ በዓይን አላረጋግጥልሽም። ቄጠማ ያለበት ዳር ልጆቹ እግራቸውን ነክረው መዋል የለባቸውም፣ ይሄው ነው። ነክረው ከዋሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው። ዝርዝሩን የሰው ሐኪም ይንገራችሁ፤ እኔ የአራት እግር ሐኪም ነኝ።

ለቡቺ የምፈራለት ሌላ ነው። አልቅት።

አንድ ጊዜ አፍንጫው ለሁለት ሳምንት የደማ ውሻ አመጡልኝ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። «ልጆች በድንጋይ መተውብኝ ነው» ብለው ደምድመዋል። ውሻው ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ያስነጥሳል፣ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ቀጭን ደም ይወርዳል። አንዱ ቀዳዳ ብቻ መሆኑ ነው ያስጠረጠረኝ። «የት ነው ውሃ የሚጠጣው?» ስላቸው «ከምንጩ ዳር፣ ከከብቶቹ ጋር» አሉ። ውሃ ሳንሰጠው ጥቂት ሰዓት አቆየነው። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት፣ እንዳይጠጣው ግን ጭንቅላቱን ያዝነው። ጸጥ አልን። ከአንድ አፍታ በኋላ ከቀዳዳው እርጥብ የጫማ ክር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ውሃውን ሽቶ ተመዘዘ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ተመዘዘ። በጣት አይያዝም፣ ያሟልጫል። በፋሻ ጠቅልዬ ያዝኩት፣ ቀስ ብዬ ሳብኩት። አዛውንቱ ድንጋዩን የወረወሩትን ልጆች በአባታቸው ስም ሲራገሙ ነው የከረሙት፤ ያን ቀን «አፉ በሉኝ» እያሉ ሄዱ።

አልቅት ውሻ አፍ ወይም አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ቆሞ የዋለ ውሃ ሲጠጣ ነው፣ ሲገባ ክር ያህል ነው። ስለዚህ ቡቺ ከሐይቁ ዳርም ከኩሬም አይጠጣ። ከቤት በጀሪካን ውሃ ያዙለት፣ ወይም ሃይላንድ ግዙለት። የጠማው ውሻ አይሰማም፤ ሳይጠማው ቀድማችሁ አጠጡት። ምናልባት ገብቶበት ከሆነ ደግሞ የገጠሩን መድኃኒት አትሞክሩ። የትምባሆ ውሃ አፍንጫው ውስጥ ጨምሩበት የሚላችሁ አይጠፋም። አልቅቱን ሊያስለቅቅ ይችላል፣ ግን ትምባሆ ለውሻ መርዝ ነው፣ ውሻውንም አብሮ ይወስደዋል።

ሌላው የምታዩት የውሃውን መልክ ነው። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል፣ ዳር ላይ የተጠራቀመ አረንጓዴ አረፋ ካያችሁ ቡቺም ልጆቹም አይጠጉት። አንዳንዱ አልጌ መርዝ አለው። ውሻ ሲጠጣው ወይም የራሰ ጸጉሩን ሲልስ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ ማርከሻም የለውም። ከውሃ በወጣ ቁጥር ባመጣችሁት ውሃ ይለቅለቅ፣ ጆሮው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

ምግቡ ላይ እማማን ማሳመን የአንቺ ሥራ ነው። አያቶች ለውሻ ያዝናሉ፣ ያዘነ ሰው ደግሞ ያጎርሳል። ዶሮ ወጥ ለቡቺ አይሰጥም። በርበሬው አይደለም ችግሩ። ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ አንድ ድስት ዶሮ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ነው። የዓሣም እሾህ እንዲሁ። ቆሮሶ ጥብስ ስትበሉ ትርፍራፊውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ቋጥሩ። ዓሣ አጥማጆች ካሉበት ዳር መንጠቆ ወድቆ ይገኛል፣ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ውሾች ይውጡታል። ከአፉ ክር ወጥቶ ካያችሁ አትጎትቱት። ሆዱ ውስጥ ያለውን መንጠቆ እየተከላችሁት ነው። ክሩን ማሰሪያው ላይ አስራችሁ ወደ ሐኪም።

መዥገር በዚህ ወቅት ሣሩ ሁሉ የእሱ ነው። ማታ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥርና ጣቶቹ መሃል በእጅ ዳብሳችሁ ፈልጉ። በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፤ በቃ። ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የለም። ከጉዞው በፊት ለመከላከል ብላችሁ ደግሞ ለከብት የሚገዛውን ዳያዚኖን የሚባል የተባይ መርዝ ከጠርሙሱ አትቀቡት። ለሃጩ እየፈሰሰ፣ እየተንቀጠቀጠ የመጣልኝን ውሻ ቁጥር አልነግርሽም። ለከብት የተሠራውን አይቨርሜክቲንም በግምት አታስወጉት፣ የመጠኑ ልዩነት ብዙ ነው። ለውሻ የሚሆነውን ሐኪሙን ጠይቁ።

ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጎራ ማለታችሁ አይቀርም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው፣ እዚያ ደርሶ ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም፤ ስለዚህ ባልሽ ሲገባ ቡቺን የሚይዝ ሰው አይቸግርም። ብቻ ከቅጥሩ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፣ ውሻ ይዞ ደጃፍ መቆም አያምርም።

ማደሪያውን ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ውሻ ይዘናል» በሏቸው። ስትደርሱ መናገር ጭቅጭቅ ነው። «ግቢ ውስጥ ይታሰር» ካሉ ደግሞ እሺ አትበሉ። ለምን እንደሆነ የወሎ ልጅ ነሽና ይገባሻል። ማታ ጅብ ይወጣል። የታሰረ ውሻ ደግሞ መሮጥ አይችልም። ወይ ክፍል ውስጥ ከእናንተ ጋር፣ ወይ በር የሚዘጋ ቤት ውስጥ። ሌሊት ለሽንት ሲወጣም በገመድ፣ ከትልቅ ሰው ጋር፣ ባትሪ በርቶ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ቡቺ ሰው ቢነክስ ወይም ሌላ ውሻ ከልጆቹ አንዱን ቢነክስ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል። ሰዓት ይዛችሁ፤ ሰው በግምት ሲያጥብ ሁለት ደቂቃ ነው አሥራ አምስት የሚመስለው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። የጥርሱ ጭረት ብቻ ቢሆንም። የባህል መድኃኒት መሞከር የፈለገ ከዚያ በኋላ ይሞክር፣ በክትባቱ ፈንታ አይሆንም። የነከሰው ውሻ ከተገኘ ደግሞ አይገደል፣ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። ሞቶ ከተጣለ ምን እንደነበረበት ማወቂያው አብሮ ጠፋ።

ከሐይቅ ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቡቺን በዓይንሽ ተከታተይው። ከአንድ አፍንጫ ደም፣ የማያቋርጥ ማስነጠስ፣ ድድ መንጣት፣ ምግብ እምቢ ማለት ካየሽ አምጪው።

እንውሰደው ወይስ ይቅር የሚለውን ዛሬ አትወስኑ። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ወስኑ። ያን ቀን ጠዋት ሰው ወዳለበት መንገድ ይዛችሁት ውጡ። የማያውቀው ሰው በሁለት ሜትር ሲያልፍ ሥጋውን ከእጅሽ ከበላ ይሂድ። እያጉረመረመ ገመዱን ከጎተተ፣ ወይም ከእግርሽ ሥር ተደብቆ ከተንቀጠቀጠ ይቅር። ሁለት ሳምንት ተኩል ለሁሉም ውሻ አይበቃም። እሱ ጥፋት የለበትም፣ እናንተም የላችሁም። ቤት መቅረቱ ጭካኔ አይደለም። የሚያውቀው ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ዘመድ፣ እናንተ ቤት ይምጣ እንጂ ቡቺ ወደ ሰው ቤት አይወሰድ። ግቢው እስካለ ሁለት ቀን ይችላል።

ለልጆቹ ግን «ቡቺ ፈተና አለበት» ብለሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። በጉዞው ጠዋት፣ መኪና በር ላይ ከሰሙት ለቅሶው ሐይቅ ድረስ ነው የሚከተላችሁ። የ11 ዓመቱ ሥጋውን ይያዝ፣ ትንሹ ቀኑን ይቁጠር፤ ቢወድቅም ለምን እንደወደቀ ራሳቸው ያውቁታል። ከቀረ ደግሞ ዓሣ ይዘንለት እንመለሳለን ማለታቸው አይቀርም። ይያዙለት። ያልተጠበሰ፣ ተቀቅሎ እሾሁ አንድ በአንድ የተለቀመ ከሆነ ግድ የለኝም።